በላቪንግተን ዛፎች ላይ ጎጆ የሚሠሩ ጭልፊቶች፦ ሳንረብሽ እንዴት እንያቸው?

ልጆቻችን በሚያነቧቸው የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ ወፎች ጎጆ የሚሠሩት በፀደይ መጀመሪያ ነው። በረዶው ይቀልጣል፣ ዛፉ ያቆጠቁጣል፣ ቀኑ ይረዝማል፣ ወፉም ጭራሮ መልቀም ይጀምራል። ናይሮቢ የተወለደ ልጅ ግን በረዶ የሚያውቀው በሥዕል ነው። የላቪንግተን ባሕር ዛፎችም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናቸው። ታዲያ የእኛ ሰፈር ጭልፊቶች ጎጆ የመሥሪያ ጊዜያቸው መድረሱን በምን ያውቃሉ? እኛስ ጎጆውን እንዴት እናገኘዋለን? ካገኘነውስ በኋላ ወፎቹን ሳንጎዳ እንዴት እንከታተላለን? ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። የተጻፈው ለተማሪዎች ቢሆንም ወላጆችም ሊያነቡት ይገባል። ምክንያቱም በየግቢያችን ስላሉት ረጃጅም ዛፎች የሚወስኑት ልጆች ሳይሆኑ አዋቂዎች ናቸው።

ስማቸውን እንለይ

በአማርኛ ጥፍረ ስለታም አዳኝ ወፎችን በጥቂት ስሞች ነው የምንጠራቸው። ትልቁን ንስር፣ ዶሮ ነጣቂውን ጭልፊት ወይም ጭላት፣ ሥጋ ቤት የሚያንዣብበውን ደግሞ በደፈናው አሞራ እንላለን። ስዋሂሊም እንዲሁ ነው፤ ንስሩ ታይ፣ ጭልፊቱ ምዌዌ ይባላል። ቀና ብለን በጥንቃቄ ካየን ግን በላቪንግተን ሰማይ ላይ የሚታዩት አዳኝ ወፎች ብዙ ዓይነት ናቸው።

አንደኛው ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ቡናማ መልክ፣ ቢጫ ምንቃርና እንደ መቀስ የተከፈለ ጅራት አለው። በእንግሊዝኛ ካይት የሚባለው ይህ ወፍ ነው። በአዲስ አበባ ቄራ አካባቢ በብዛት ሲያንዣብብ የሚታየው፣ በናይሮቢ ደግሞ በምሳ ሰዓት ሳንድዊች ከልጅ እጅ የሚነጥቀው እሱ ነው። ጎጆውን በጭራሮ ይሠራና ውስጡን በጨርቅ፣ በወረቀትና በፕላስቲክ ይደለድላል። በስፔን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ይኸው ወፍ ነጭ ፕላስቲክ ለቅሞ ጎጆውን የሚያስጌጠው ለሌሎች ካይቶች ጉልበቱን ለማሳየት መሆኑን ገልጿል። ጠንካሮቹ ብዙ ፕላስቲክ ያደርጋሉ፤ ደካሞቹ ጥቂት ወይም ምንም።

ሁለተኛው ባለ ቁንጮው ንስር ነው። ጥቁር ነው፤ አናቱ ላይ ረጅም የላባ ቁንጮ ስላለው በሩቁ ይለያል። በስልክና በመብራት ምሰሶ ላይ ተቀምጦ ሣሩን ቁልቁል ይቃኛል፤ የሚፈልገው አይጥ ነው።

ሦስተኛው ከሚታይ ይልቅ የሚሰማ ነው። በእንግሊዝኛ አፍሪካን ጎስሆክ ይባላል። ማለዳ ላይ በጣም ከፍ ብሎ እየዞረ በየጥቂት ሰከንዱ «ክሪት… ክሪት…» የሚል አጭር ድምፅ ያሰማል። ብዙ ሰው ድምፁን በየቀኑ እየሰማ ባለቤቱን አያውቀውም።

አራተኛው የዚህ ጽሑፍ ዋና ባለታሪክ ነው። በእንግሊዝኛ ብላክ ስፓሮውሆክ ይሉታል፤ እኛ ጥቁር ጭልፊት እንበለው። ጀርባው ጥቁር፣ ደረቱ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ፣ ዓይኑ ቀይ፣ እግሩ ቢጫ ነው። ወጣቱ ግን ቡናማ ሆኖ ደረቱ ላይ ቁልቁል የወረዱ ሰረዞች አሉት። በዚህ ምክንያት ወላጅና ልጅ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ሊመስሉ ይችላሉ። ሴቷ ከወንዱ በጣም ትበልጣለች፤ ወንዱ ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ሲሆን ሴቷ ወደ አንድ ኪሎ ትጠጋለች። ዋና ምግባቸው ርግብና ዋኖስ ነው። በዛፎች መካከል እየተጠማዘዙ በፍጥነት ስለሚያድኑ በሰማይ ላይ ሲንሳፈፉ ብዙም አይታዩም። ጎረቤት ሆነው ለዓመታት ሳይታወቁ የሚኖሩትም ለዚህ ነው።

የባሕር ዛፍ ነገር

ጥቁር ጭልፊት የደን ወፍ ነው። በከተማ መካከል እንዲኖር ያስቻለው ሰው የተከለው ረጅም ዛፍ ነው፤ በተለይም ባሕር ዛፍ። የዚህን ዛፍ ታሪክ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ፣ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት አልቆባት ሳለ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ታደጋት። የናይሮቢም ታሪክ ይመሳሰላል። ከላቪንግተን ብዙም የማይርቀው የናይሮቢ አርቦሬተም እ.ኤ.አ. በ1907 የተቋቋመው ለባቡር ማገዶ የሚሆኑ ፈጥነው የሚያድጉ ዛፎችን ለመሞከር ነበር። ባቡሩ እንጨት ማንደድ ካቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ረጃጅሞቹ ዛፎች ግን በየግቢው ቆመው ቀሩ፤ ጭልፊቶቹም ቤት አደረጓቸው።

ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል እምብዛም አያበቅልም እየተባለ ይወቀሳል። ወቀሳው እውነትነት አለው። ቢሆንም ለጭልፊቱ ሦስት ጥቅም ይሰጠዋል፦ ከፍታ፣ ሰውና ድመት በቀላሉ የማይወጣው ልሙጥ ግንድ፣ እንዲሁም ጎጆ የሚሸከም ጠንካራ መንታ ቅርንጫፍ።

ፀደይ በሌለበት አገር ጊዜውን የሚነግራቸው ምንድን ነው?

በአውሮፓ ለወፎች ዋናው የጊዜ ምልክት የቀኑ ርዝመት ነው። ለንደን ላይ በክረምት ቀኑ 8 ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን በበጋ ከ16 ሰዓት ያልፋል። የወፉ አካል ይህን ለውጥ ተከትሎ ለመራባት ይዘጋጃል። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ነው። ናይሮቢ ግን ከምድር ወገብ ትንሽ ብቻ ወደ ደቡብ ስለምትገኝ ልዩነቱ ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12፡30 አካባቢ ትወጣለች። የስዋሂሊም የአማርኛም ሰዓት ከንጋት የሚቆጠር መሆኑ እዚህ አካባቢ ያምራል፤ የእነሱ «ሳ ሞጃ» የእኛው አንድ ሰዓት ነው።

ስለዚህ እዚህ ትልቁ ምልክት ዝናብና ዝናቡ የሚያመጣው ምግብ ነው። ናይሮቢ ሁለት የዝናብ ወቅት አላት። ረጅሙ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘልቃል፤ ከአገራችን በልግ ጋር ይገጣጠማል። አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ዝናብ ሲጥል ሣር ይበቅላል፤ ሣሩ ዘር ሲይዝ ዋኖስ ይራባል፤ የዋኖስ ልጆች ከጎጆ ሲወጡ ደግሞ ለመያዝ ቀላል ናቸው። ጭልፊቱ ጫጩቶቹ የሚራቡበት ጊዜ ምግብ ከሚበዛበት ጊዜ ጋር ቢገጥምለት ይጠቀማል። ይህ ሁሉ ግን እንደ አውሮፓ ፀደይ በጠባብ ጊዜ የተወሰነ አይደለም። ወቅቱ ሰፊ ስለሆነ አንዱ ጥንድ ጎጆ ሲጀምር ሌላው ልጆቹን እያስበረረ ሊሆን ይችላል። እንደ ፀደይ መጀመሪያ የሚቆጠርልን እንግዲህ የካቲትና መጋቢት ነው፤ ፍለጋ የሚጀመረው በዚያን ጊዜ ነው። ከዝናቡ በኋላ ያሉት ቀዝቃዛና ደረቅ ወራት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ደግሞ ትልልቆቹ ንስሮች በብዛት እንቁላል የሚጥሉበት ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ሰዎች ቁጭ ብለው ስላዩ ነው። ከእነሱ አንዱ በናይሮቢ ዳርቻ በካረን ይኖር የነበረው ሌስሊ ብራውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ የምሥራቅ አፍሪካን ንስሮች ሲከታተል ኖሯል፤ ስለ ኢትዮጵያም መጽሐፍ ጽፏል። ሥራው የግብርና ባለሙያነት ነበር። ስለ ዘውዳማው ንስር ብዙ ነገር የታወቀው እሱ የአንድን አካባቢ ጎጆ ለብዙ ዓመታት በመከታተሉ ነው። ይህ ንስር ዛሬም በካሩራ ጫካ አለ፤ ጦጣና ሽኮኮ ያድናል። ሁለት እንቁላል ቢጥልም የሚያድገው አንድ ጫጩት ብቻ ነው፤ ታላቁ ታናሹን ይገድለዋል። ሳይንቲስቶች ይህን ጠባይ በቃየን ስም ይጠሩታል። ልጁ ከበረረ በኋላም ወላጆቹ ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ይመግቡታል። ስለዚህ ጥንዶቹ የሚወልዱት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓመት አንዴ ነው። አንድ ዓመት የተበላሸ ጎጆ ለእነሱ ምን ያህል ኪሳራ እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ጎጆውን በምን እናገኘዋለን?

ጎጆ የሚፈለገው መጀመሪያ መሬት ላይ ነው። ከረጅም ዛፍ ሥር ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ በቅጠልና በሣር ላይ እንደ ኖራ የተረጨ ነጭ ኩስ፤ በአንድ ቦታ የተከመረ የርግብ ላባ (ጭልፊት ሥጋውን ከመብላቱ በፊት ላባውን ይነጫል)፤ እንዲሁም ከላይ የወደቀ አዲስ ጭራሮ። ሦስቱ አንድ ላይ ከተገኙ ቀና በሉ። ዛፉ መንታ በሚሆንበት ቦታ ግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ስፋት ያለው የጭራሮ ክምር ካያችሁ ሳይሆን አይቀርም። ጥቁር ጭልፊት አንዱን ጎጆ እያደሰ ለዓመታት ሊጠቀምበት ይችላል። አንዳንዴ ሁለት ሦስት ጎጆ በአቅራቢያ ይሠራል። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን፣ የግብፅ ዝይ የሚባለው ትልቅ ወፍ ጎጆውን እየቀማው አስቸግሮታል፤ ትርፍ ጎጆ መኖሩ በዚያን ጊዜ ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው ዘዴ ጆሮ ነው። ጎጆ በሚሠራበት ወቅት ጥንዶቹ ማለዳ ላይ ይጠራራሉ። ወንዱ ምግብ ይዞ ሲመጣ ይጮኻል፤ ሴቷ ወፈር ባለ ድምፅ ትመልሳለች። ጫጩቶቹ ካደጉ በኋላ ደግሞ የእነሱ የምግብ ጩኸት መንገድ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ይሰማል።

ሦስተኛው ዘዴ የሰፈሩን ሰው መጠየቅ ነው። አትክልተኛውና አስካሪው ከማንም በፊት ያውቃሉ። ምዌዌ የት እንደሚያድር በትሕትና ጠይቋቸው።

ከእንቁላል እስከ በረራ

ጥቁር ጭልፊት ከሁለት እስከ አራት እንቁላል ይጥላል። በብዛት የምትታቀፈው ሴቷ ናት፤ ወንዱ ምግብ ያመላልሳል፣ እሷ ስትበላ ደግሞ ለአጭር ጊዜ ይተካታል። ከ37 እስከ 38 ቀን ገደማ ከታቀፉ በኋላ ጫጩቶቹ ይፈለፈላሉ። መጀመሪያ ነጭ ለስላሳ ጸጉር ለብሰው ስለሚወጡ ከታች አይታዩም። የምታዩት ሴቷ አንገቷን ደፍታ ቁራሽ ስታጎርስ ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ ጎጆው ጠርዝ ላይ ነጭ ጭንቅላት ብቅ ማለት ይጀምራል። ከዚያ ቡናማ ላባ ያወጣሉ፣ ክንፋቸውን ያማታሉ፣ ቅርንጫፍ ላይ ይወጣሉ። በስድስት ሳምንት አካባቢ ይበራሉ። ከበረሩ በኋላም ማደን እስኪለምዱ ድረስ ለብዙ ሳምንታት በአቅራቢያው እየተመገቡ ይቆያሉ።

ሒሳቡን እንሥራ። ለመታቀፍ 38 ቀን፣ ለማደግ 45 ቀን ያህል፤ ድምሩ 83 ቀን፣ ማለትም 12 ሳምንት ገደማ። አንድ የትምህርት ቤት ተርም ከሞላ ጎደል ይህን ያህል ነው። አንድ ተማሪ ተርሙ ሲከፈት ሴቷ መታቀፍ ስትጀምር ካየ፣ ፈተና በሚደርስበት ጊዜ ልጆቹ ሲበሩ ሊያይ ይችላል።

በደብተር ላይ ምን ይጻፋል?

ለዚህ ሥራ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ደብተርና እርሳስ በቂ ነው፤ ባይኖክላር ከተገኘ ይጠቅማል። በእያንዳንዱ ቀን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታና ለስንት ደቂቃ እንደተመለከታችሁ ጻፉ። ከዚያ ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በአንደኛው ዓምድ «ያየሁት»፣ በሁለተኛው «የመሰለኝ» በሉ።

ይህ ክፍፍል ቀላል ይመስላል፤ የሳይንስ ዋናው ትምህርት ግን ያለው እዚያ ነው። «ሴቷ ጎጆው ውስጥ ተኝታ ጅራቷ ብቻ ይታያል» የሚለው ያያችሁት ነው። «እንቁላል አላት» የሚለው ግን የመሰላችሁ ነው። በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን በዚያው ሰዓት እዚያው ከተኛች፣ ወንዱም ምግብ ካመጣላት፣ ግምታችሁ እየጠነከረ ይሄዳል። ባዶ ጎጆ ያገኛችሁበት ቀንም ይጻፍ። «15 ደቂቃ ጠበቅሁ፣ ምንም አላየሁም» የሚለው መስመር ከሌላው እኩል መረጃ ነው።

የዚህ ዓይነት መዝገብ ጥቅሙ ከክፍል ውጤት ያልፋል። በኬንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1977 በመንገድ ላይ እየተጓዙ የተቆጠሩ አዳኝ ወፎችን ከ2003 እስከ 2020 ከተቆጠሩት ጋር አወዳድረው ነበር። ካነጻጸሯቸው 22 ዓይነቶች ውስጥ 19ኙ ቀንሰዋል። አይጥ በላው ባለ ቁንጮ ንስር ከቀነሱት አንዱ ነው። ይህ ሊታወቅ የቻለው በ1970ዎቹ የነበሩ ሰዎች ያዩትን ቆጥረው በማስቀመጣቸው ነው።

ርቀትን መጠበቅ

ጎጆ መከታተል ወፉን ሊጎዳ ይችላል። ሴቷ ደንግጣ ስትነሣ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል ወይም ቁራ ይሰርቀዋል። ስለዚህ እነዚህን ደንቦች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንያዝ።

ከዛፉ ሥር አትቁሙ፤ ከመንገዱ ማዶ ወይም ከፎቅ መስኮት ተመልከቱ። ወፏ እናንተን ትኩር ብላ ካየች፣ ከጮኸች ወይም ከተነሣች በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ወዲያው ራቁ። ጎጆ በሚሠራበትና እንቁላል በሚታቀፍበት ጊዜ ቆይታችሁ አጭር ይሁን፤ ያኔ ወፎቹ ጎጆውን ጥለው የመሄዳቸው ዕድል ከፍተኛ ነው። ዛፍ ላይ አትውጡ፣ ድንጋይ አትወርውሩ፣ ድሮን አታስነሡ። ጎጆው ያለበትን ቦታ በማኅበራዊ ሚዲያ አታውጡ። ጫጩት ሰርቆ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፤ የዱር እንስሳትን ደግሞ የኬንያ የ2013 ሕግ ይጠብቃቸዋል። ወድቆ ያገኛችሁት ጫጩት ላባ ካበቀለና ካልቆሰለ ብዙ ጊዜ መብረር እየተለማመደ ነው፤ ወላጆቹም አቅራቢያ ናቸው። አትንኩት፤ ውሻና ድመት አርቁለት፤ ለአዋቂ ተናገሩ። ታናናሾች ደግሞ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከእናት ከአባት ወይም ከመምህር ጋር ሁኑ።

ወላጆችን የሚመለከተው

አሁን ወደ ወላጆች እንመለስ። ላቪንግተን በፍጥነት እየተለወጠ ነው። ትልቅ ግቢ ያለው አሮጌ ቤት ይፈርሳል፣ በቦታው ፎቅ ይቆማል፣ ዛፉም አብሮ ይሄዳል። ለቤተሰብ መኖሪያ ቤት ያስፈልጋል፤ ያረጀ ባሕር ዛፍም በንፋስ ጣሪያ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ዛፍ ፈጽሞ አይቆረጥ አንልም። ነገር ግን የጊዜ ጉዳይ አለ። ጎጆ ያለበት ዛፍ ዛሬ ቢቆረጥ ጫጩቶቹ ይሞታሉ፤ 12 ሳምንት ቢታገሡት ግን በርረው ይሄዳሉ። ባለቤት የሆነ መወሰን ይችላል፤ ተከራይ የሆነ ደግሞ ባለቤቱን ወይም የሕንፃውን ኮሚቴ ማነጋገር ይችላል። የልጅዎ ደብተር በዚህ ጊዜ ማስረጃ ይሆናል። «እዚህ ወፍ አለ» ከማለት ይልቅ «በዚህ ቀን መታቀፍ ጀምራለች፣ በዚህ ሳምንት ይበራሉ» ብሎ ቀን ጠቅሶ መናገር ሰሚ ያገኛል።

ሁለተኛው የአይጥ መርዝ ነው። መርዝ የበላ አይጥ ወዲያው አይሞትም፤ እየተንገዳገደ ሜዳ ላይ ይወጣል። ያኔ ባለ ቁንጮው ንስር ወይም ጉጉት በቀላሉ ያነሣውና መርዙ ወደ እሱ ያልፋል። አይጥ አጥፊውን ራሱን ገደልነው ማለት ነው። ወጥመድ መጠቀም፣ ቆሻሻ መክደንና እህል በደንብ መዝጋት የተሻለ ነው።

ሦስተኛው ዶሮ ነው። በአገር ቤት ያደግን ሁሉ ጫጩት ስንጠብቅ ጭልፊት ሲመጣ ጮኸን አባርረናል፤ በወፏ ቂም መያዛችንም አይገርምም። እዚህም በግቢያቸው ዶሮ የሚያረቡ ወላጆች አሉ። ለእነሱ መፍትሔው የዶሮውን ማዋያ ከላይ በመረብ መሸፈን ነው። አንድ ጊዜ ከተሸፈነ ጭልፊቱ ወደ ርግቡ ይመለሳል።

ከማን ጋር እንማር?

መማር ለሚፈልግ ቤተሰብ ናይሮቢ የተመቸች ናት። እ.ኤ.አ. በ1909 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ዛሬም ኔቸር ኬንያ በሚል ስም ይሠራል። ከናይሮቢ ሙዚየም የሚነሣው የረቡዕ ማለዳ የወፍ ጉዞው ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የቆየ ነው። ረቡዕ ትምህርት ቀን ስለሆነ ለዕረፍት ጊዜ ይያዝ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ አርቦሬተምና ካሩራ ጫካ አሉ። የካሩራ ዛፎች ዛሬ ቆመው የምናያቸው በ1990ዎቹ መጨረሻ ዋንጋሪ ማታይና ሌሎች ሰዎች መሬቱ ለግንባታ እንዳይከፋፈል ስለተሟገቱ ነው።

ለአሁኑ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ስትመጡ፣ ከመኪና ወርዳችሁ በር ከመግባታችሁ በፊት፣ ለአንድ ደቂቃ ጸጥ ብላችሁ አድምጡ። ከላይ «ክሪት… ክሪት…» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ በደብተራችሁ የመጀመሪያ መስመር ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ።